የፈረስን አፍ የማይጎዳ የልጓም አያያዝ

ከኢንጅባራ እስከ ሰላሌ፣ ከአርሲ እስከ ባሌ ባሉት ደጋማ ወረዳዎች ፈረስ ከቤተሰቡ አባላት እንደ አንዱ የሚቆጠር እንስሳ ነው። ገበያ ያደርሳል፤ ለቅሶ ያደርሳል፤ ሙሽራ ያጅባል፤ መኪና በማይገባበት ቀበሌ የታመመውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣል። በአዊ ዞን ደግሞ ከዚህም አልፎ ቀንበር ተሸክሞ መሬት ያርሳል፤ በዐውድማ ላይ እህል ያበራያል። በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች እንዳሉ ይገመታል። ይህን ያህል ቁጥር ያለው እንስሳ የሚሰጠው አገልግሎት ቀላል አለመሆኑ ለማንም ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ፈረስ አያያዝ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ መኖና ስለ በሽታ ነው። ስለ ጋላቢው እጅ የሚነገረው ጥቂት ነው። በገበያ ቀን ፈረስ ከሚታሰርበት ሜዳ ቆሞ የእንስሳቱን አፍ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ግን ጉዳዩ ወዲያውኑ ይገለጥለታል። የከንፈሩ ማዕዘን ተሰንጥቆ የደረቀ፣ ምላሱ የተቆረጠ ጠባሳ ያለበት፣ ከአገጩ ሥር ጠጉሩ ተመልጦ ቆዳው የጠነከረ ፈረስ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው በሽታ አይደለም። ልጓሙና ልጓሙን የያዘው እጅ ነው።

ጉዳቱ የፈረሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አፉ የቆሰለ ፈረስ በደንብ አያኝክም። በደንብ ያላኘከ ፈረስ ይከሳል። የከሳ ፈረስ ደግሞ ሥራ አይሠራም፤ ለገበያ ቢወጣም ዋጋ አያወጣም። ከሁሉ የከፋው ሕመሙን ሽሽት አንገቱን ወደ ላይ የሚወረውር፣ ወይም ልጓሙን ነክሶ የሚፈረጥጥ ፈረስ ጋላቢውን ለአደጋ ማጋለጡ ነው። ስለዚህ ልጓምን በርኅራኄ መያዝ ለእንስሳው ከማዘን በተጨማሪ የባለቤቱን ሀብትና የጋላቢውን አጥንት መጠበቅ ነው።

የፈረስ አፍ ውስጡ ምን ይመስላል?

የፈረስን አፍ ከፍቶ የተመለከተ ሰው የፊት ጥርሶቹና የመንጋጋ ጥርሶቹ ተያይዘው የተሰለፉ አለመሆናቸውን ይረዳል። በመካከላቸው ጥርስ የሌለበት ክፍት ቦታ አለ። ልጓም ሊገባ የቻለው በዚህ ክፍት ቦታ ነው። ወንዱ ፈረስ አራት ዓመት አልፎት ወደ አምስት ሲጠጋ በዚሁ ቦታ ላይ የክራንቻ ጥርስ ያበቅላል፤ በባዝራ ላይ ግን ይህ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም።

ይህ ክፍት ቦታ ሲያዩት ለብረት ማረፊያ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን በታችኛው መንጋጋ በኩል ያለው አጥንት ጠርዙ ስለት ያለው ሆኖ የተሸፈነው በስስ ድድ ብቻ ነው። በአጥንቱና በድዱ መካከል ሥጋ የለም። ከዚህም ሌላ ለአፍና ለከንፈር ስሜት የሚሰጡ ነርቮች በዚሁ አካባቢ ያልፋሉ። ምላሱም ቢሆን ለስላሳና ደም የሞላበት ሥጋ ነው። ፈረስ አንዲት ዝንብ ጎኑ ላይ ስታርፍ ቆዳውን አንቀጥቅጦ የሚያባርር እንስሳ ነው። ዝንብ የሚሰማው ገላ በአፉ ውስጥ የሚጎተት ብረት ምን ያህል እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

በአገራችን የተለመደው ልጓም

በብዙው የአገራችን ክፍል በአንጥረኛ እጅ የሚሠራው ባሕላዊ ልጓም ከመካከሉ ወደ ላይ የወጣ ብረት አለው። በዚህ ላይ የተንጠለጠለ የብረት ቀለበት በፈረሱ ታችኛ መንጋጋ ዙሪያ ይገባል። ከአፉ ግራና ቀኝ ወደ ታች የወረዱት ክንዶች ጫፍ ላይ ደግሞ ዛቡ ማለትም ጋላቢው በእጁ የሚይዘው ጠፍር ይታሰራል። ጋላቢው ዛቡን ሲስብ ወደ ላይ የወጣው ብረት ላንቃን ይገፋል፤ ቀለበቱም አገጭን ከሥር ያጣብቃል።

ይህ ልጓም የጦርነት ዘመን ልጓም ነው። በአንድ እጅ ጋሻ፣ በሌላው ጦር የያዘ ፈረሰኛ በትንሽ ጣቱ ፈረሱን እንዲያዞር ታስቦ የተሠራ ነው። አሠራሩ የማንሻ ያህል ነው። ከአፉ በላይ ያለው ክንድ 5 ሣንቲ ሜትር፣ ከአፉ በታች ያለው 15 ሣንቲ ሜትር ቢሆን በእጅ ላይ አንድ የነበረው ጉልበት በፈረሱ አገጭና ላንቃ ላይ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ይህን ልጓም ለሚይዝ ሰው የሚያስፈልገው ከማንም የበለጠ ለስላሳ እጅ ነው። አሠራሩን የሚያውቁ አዛውንት ፈረሰኞች ዛቡን አላልተው የሚቀመጡትም ለዚህ ነው። ችግሩ የመጣው ልጓሙ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አያያዙ አብሮ አለመተላለፉ ነው።

ልጓም መሣሪያ እንደመሆኑ መጠን ልኩና ንጽሕናው ሊታሰብበት ይገባል። በሚከተሉት ነጥቦች ማንኛውም ባለፈረስ የራሱን ልጓም ሊመረምር ይችላል።

1. ብረቱ የዛገ፣ የተሰነጠቀ ወይም ስለት ያወጣ እንዳይሆን በጣት መዳሰስ። በጣት ላይ የሚሻክር ብረት በምላስ ላይ ይቆርጣል። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ለአንጥረኛ ሰጥቶ በሞረድ ማስተካከል ቀላል ሥራ ነው።

2. ብረቱ ለአፉ ስፋት የሚመጥን መሆኑን ማየት። የጠበበው ከንፈርን ይቆነጥጣል፤ የሰፋው ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ድዱን ይልጣል።

3. ልጓሙ የሚንጠለጠልበትን ጠፍር ማስተካከል። ብረቱ የከንፈሩን ማዕዘን ነካ ማድረግ አለበት እንጂ ከንፈሩን ወደ ላይ ሰብስቦ እንደ ሣቅ ማስመሰል የለበትም። በጣም ከወረደም የፊት ጥርሶችን ይመታል።

4. በአፍንጫና በአገጭ ዙሪያ የሚታሰረው ጠፍር ሁለት ጣት የሚያስገባ መሆን አለበት።

5. በውርጭ ጧት ብረቱን በእጅ ወይም በብብት አሙቆ ማጉረስ። በጉና ወይም በጮቄ ተራራ ግርጌ የሚያድር ሰው የጧት ብረት እጅን እንዴት እንደሚይዝ ያውቃል።

6. ከጉዞ መልስ ልጓሙን በውኃ አጥቦ አድርቆ መስቀል። የደረቀ ምራቅና ገለባ ለማግሥቱ ቁስል መነሻ ነው።

በልጅነቴ ያየሁት

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ አንድ የቆየ ጥፋት ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ አጎቴ አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ፈረሱ በእርምጃው ለስላሳ፣ በጠባዩ ጨዋ ስለነበረ ለታመመም ለነፍሰ ጡርም ይለመን ነበር። በጥር ወር የሠርግ ሰሞን እኔ ለምኜ ተፈቀደልኝ። ከእኩዮቼ ጋር ቁልቁለቱን በሽምጥ ጋልቤ ከሰዎቹ ፊት ስደርስ ዛቡን በሁለት እጄ፣ በሙሉ ክንዴ ሳብኩት። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቁጢጥ ብሎ ቆመ። የተሰበሰበው ሰው እልል አለ። እኔም ኮራሁ። ከኮርቻው ስወርድ ግን ከአፉ የሚወርደው አረፋ ቀይ ነበር።

ማታ ወደ አጎቴ ቤት ስመልሰው አልተቆጡኝም። አፉን ከፍተው በኩራዝ ብርሃን ተመለከቱ፤ ምላሱ ተቆርጧል። ልጓሙን አጥበው ይዘውልኝ መጡና እንድቀመጥ ነገሩኝ። ብረቱን በቅልጥሜ ፊት ላይ፣ ሥጋ በሌለበት በኩል አስተካክለው በሁለት ጣታቸው ብቻ ሳብ አደረጉት። ጮህኩ።

«ምን ተሰማህ?» አሉኝ።

«አመመኝ ጋሼ» አልኩ።

«እኔ በሁለት ጣት ነው የሳብኩት። አንተ በምን ሳብከው?»

መልስ አልነበረኝም። አጎቴ ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ፈረሱ ከአንድ ወር በላይ ልጓም ሳይጎርስ ቆየ። ለስላሳ ሣር በእጅ እየታጨደለት፣ ገብስ እየተነከረለት ዳነ። ነገር ግን እጅ ወደ ላይ ባነሣ ሰው ሁሉ ፊት አንገቱን መወርወር ለመደ። ከዚያ በኋላ ለነፍሰ ጡር የሚለመን ፈረስ መሆኑ ቀረ። በዓመቱ አጎቴ ዕዳ ስለነበረባቸው ሊሸጡት ገበያ አወጡት። ገዢው እንደ ወጉ አፉን ከፍቶ ዕድሜውን ሊያይ ሲል የምላሱን ጠባሳ አገኘ፤ መልሶ ዘግቶ ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ አደረገ። በመጨረሻ የተሸጠው ከዋጋው በብዙ ባነሰ ለጭነት ነው። እኔ ለአንድ አፍታ እልልታ የከፈልኩት የሌላ ሰው ገንዘብና የፈረሱን ዕድሜ ነበር።

መቀመጫው ካልተስተካከለ እጅ አይለሰልስም

ብዙ ጋላቢ ዛብን የሚጎትተው ጭካኔ ስላለው አይደለም። ላለመውደቅ ስለሚይዘው ነው። በኮርቻው ላይ ሚዛኑን ያልጠበቀ ሰው ፈረሱ ሶምሶማ በጀመረ ቁጥር ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ሲወረወር ዛቡን ይንጠለጠልበታል። ያን ጊዜ የሰውዬው ክብደት የሚያርፈው በፈረሱ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ለስላሳ እጅ እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው ትምህርቱን የሚጀምረው ከወገቡ ነው።

ደህና መቀመጫ የሚባለው ከጎን ሲታይ የጋላቢው ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ተረከዝ በአንድ ቀጥ ያለ መሥመር ላይ ሲውሉ ነው። ክብደቱ በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ እኩል ይከፈላል። ጉልበት ኮርቻውን እንደ ጉጠት አይዝም፤ ተረከዝ በቀስታ ወደ ታች ይወርዳል። በአገራችን የቆየው ልማድ እርካቡን በአውራ ጣት ብቻ መቆንጠጥ ነው። በባዶ እግር ለሚጋልብ ሰው ይህ ልማድ አንድ ጥቅም አለው፤ ቢወድቅ እግሩ በእርካቡ ተይዞ አይጎተትም። ሆኖም በጠባብ እርካብ ላይ ቆሞ ሚዛን መጠበቅ ስለሚያስቸግር ከወገብ በላይ ያለው አካል የበለጠ መለማመድ ይኖርበታል። ጫማ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ጫማው በቀላሉ ገብቶ የሚወጣበት ሰፊ እርካብ ማሠራት አለበት።

መቀመጫን ለማስተካከል ገንዘብ የማይጠይቅ ልምምድ አለ። አንድ ሰው ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ በክብ ያዞራል። ጋላቢው እርካብም ዛብም ሳይዝ በእርምጃ ይቀመጣል። በመጀመሪያ እጆቹን በጭኑ ላይ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ የፈረሱን አንገት ይዳስሳል። በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ለሁለት ሳምንት ይህን የሠራ ልጅ ዛብ ሳይዝ በሶምሶማ መቀመጥ ይችላል። ልጆች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን እንዲህ ቢጀምሩ ብዙ የፈረስ አፍ ይድናል። ልምምዱ ለስላሳ ሣር ባለበት ሜዳና በጨዋ ፈረስ ላይ መደረግ እንዳለበት ግን መዘንጋት አይገባም።

ዛብን እንዴት እንይዛለን?

ዛብ የሚያዝበት ልክ የጫጩት አያያዝ ነው። ጫጩት በእጁ የያዘ ሰው እንዳታመልጥ ይይዛታል፤ እንዳትሞት ደግሞ አይጨምቃትም። ክርን ከጎድን ጋር ተጠግቶ ይታጠፋል። ከክርን ተነሥቶ በእጅና በዛብ በኩል እስከ ልጓሙ ድረስ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ መሥመር ይሆናል። ፈረስ በእርምጃ ሲሄድ አንገቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዛል። የጋላቢው እጅ ይህን ውዝዋዜ እየተከተለ መሄድና መመለስ አለበት። የቆመ እጅ ላይ የሚወዛወዝ አንገት በእያንዳንዱ እርምጃ አፉን በብረት ይመታል ማለት ነው። እርግጥ ማንሻ ባለው ባሕላዊ ልጓም ዛቡ ከዚህም ላላ ብሎ፣ በመጠኑ ረግቦ መያዝ አለበት።

ፈረስን ማዘዝ የሚጀመረው ከእጅ አይደለም። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል።

በመጀመሪያ፣ መቀመጫ። ለማቆም የሚፈልግ ሰው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ትንፋሹን አውጥቶ በኮርቻው ላይ ከበድ ይላል።

ቀጥሎ፣ ድምፅ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነትና ዝግ ያለ ድምፅ ይሁን። ፈረስ ቃል ይለምዳል።

ሦስተኛ፣ እግር። ለመሄድና ለመዞር የሚያስፈልገው ግፊት ከባት ይመጣል፤ ተረከዝ እንደ ምስማር አይወጋም።

በመጨረሻ፣ እጅ። ጣቶቹን ጨበጥ ማድረግ፤ ፈረሱ ከታዘዘ ወዲያውኑ መልቀቅ።

የሁሉም ቁልፍ ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ፈረስ የሚማረው ሲለቀቅ ነው። ጋላቢው ጨበጥ ሲያደርግ ፈረሱ ቢቆምና ዛቡ በዚያው ቅጽበት ቢላላ፣ ፈረሱ መቆም ዕረፍት እንዳለው ይረዳል። ቆሞም ሳለ ዛቡ ከተጎተተ ግን መታዘዙ ምን እንደጠቀመው አያውቅም። በሚቀጥለው ጊዜ ልጓሙን መንከስ ወይም አንገቱን መወርወር ይሞክራል። ባለቤቱም «አፈ ደንዳና ነው» ይላል። አፈ ደንዳና ሆኖ የሚወለድ ፈረስ ግን የለም፤ በእጅ የሚሠራ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነገር አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በእልህ የሚጎትት ፈረስን በቀጣይ ጉተታ ማሸነፍ አይቻልም። የአገራችን ፈረስ ቁመቱ ከትከሻው 1 ሜትር ከ30 ሣንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጉልበቱ ከየትኛውም ሰው ክንድ ይበልጣል። ሳብ፣ ልቀቅ፤ ሳብ፣ ልቀቅ እያሉ በክብ ማዞር ፍጥነቱን ያበርደዋል። የማያቋርጥ ጉተታ ደግሞ የሚደገፍበት ነገር ይሰጠዋል።

የዚህን ትምህርት ውጤት ለመፈተን የሚያስችል ቀላል ዘዴ አለ። በታጠረ ቦታ፣ ሌላ ሰው ፈረሱን በገመድ እንደያዘው፣ ዛቡን ከልጓሙ ጋር በቀጥታ ከማሰር ይልቅ በስስ የጥጥ ፈትል ማያያዝ ነው። ጋላቢው ከልኩ በላይ ከሳበ ፈትሉ ይበጠሳል። ፈትሉ ሳይበጠስ ፈረሱን ያቆመና ያዞረ ሰው እጁ ተስተካክሏል ማለት ይቻላል። ወጣቶች እርስ በርሳቸው ቢወዳደሩበት ጨዋታም ትምህርትም ይሆናል።

ይህ ሁሉ ዛሬ የተገኘ አዲስ ዕውቀት አይደለም። ከዛሬ 2400 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው የግሪክ የጦር መሪና ጸሐፊ ክሴኖፎን ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው መጽሐፍ ልጓም ስለሚለሰልስበትና ዛብ ስለሚላላበት ሁኔታ በሰፊው ገልጿል። በየጊዜው ያሉ ደህና ፈረሰኞች ከዚሁ መደምደሚያ ላይ መድረሳቸው ነገሩ እውነት ለመሆኑ ምስክር ነው።

ጉግስና የበዓል ግልቢያ

የአገራችን ፈረሰኛ ታሪክ የሚያኮራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል እየተባሉ በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው ፈረስ የነበረውን ክብር ያስረዳል። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በኢንጅባራ በሚያከብረው በዓል ፈረስ በዓድዋና በሌሎችም የጦር ሜዳዎች የዋለው ውለታ ይታሰባል። ማኅበሩ አባላቱን በሐዘንና በደስታ የሚያገናኝ፣ ጠብን የሚያበርድ የሽማግሌዎች ሥርዓትም ያለው ነው።

እንዲህ ያለው በዓል ለፈረስ ክብር የሚሰጥበት ቀን እንደመሆኑ ፈረስ የሚቆስልበት ቀን ሊሆን አይገባም። በጉግስ ጨዋታ አንደኛው ወገን ሲሸሽ ሌላው ያባርራል፤ ፈረሱ በድንገት ይቆማል፣ በድንገት ይዞራል። አፍ የሚቆረጠው በዚህ ጊዜ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ጨዋታውን መተው ሳይሆን አቋቋሙን መለወጥ ነው። ከሽምጥ ግልቢያ በአንድ ጊዜ ማቆም የጋላቢ ችሎታ ማሳያ ተደርጎ መታየቱ ቢቀር መልካም ነው። ደህና ጋላቢ ከሽምጥ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ እያወረደ፣ ሰፊ ክብ እየሠራ ያቆማል። ይህ የሚሆነው ሰዉ የሚቆምበት ሥፍራ ከፈረሱ መቆሚያ ርቆ ሲከለል ስለሆነ በዓል አዘጋጆች በሜዳው ጫፍ ለፈረስ ማብረጃ የሚሆን ቦታ ቢተዉ ለተመልካቹም ደኅንነት ይጠቅማል። በየማኅበሩ ያሉ አዛውንትም የአለባበስና የግላስ ውበት እንደሚመለከቱ ሁሉ የፈረሱን አፍ ከግልቢያ በኋላ ቢመለከቱ ለወጣቱ ትልቅ ትምህርት ይሆናል።

የጋሪ ፈረስ

በብዙ ከተሞች ባጃጅ ከተስፋፋ ወዲህ ጋሪ እየቀነሰ ቢመጣም በገጠር መንገድና በትናንሽ ከተሞች ዛሬም የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። የጋሪ ፈረስ ከኮርቻ ፈረስ የባሰ የአፍ ጉዳት ያገኘዋል። ምክንያቱም ጋሪ ነጂው ሩቅ ስለሚቀመጥ በወገቡና በእግሩ ሊያዝ አይችልም፤ ያለው ዛብና ድምፅ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ልጓም መግዛት ያቃተው ነጂ ከፌሮ ቁራጭ ወይም ከተጠመዘዘ ሽቦ ያበጃል። የተጠመዘዘ ሽቦ በአፍ ውስጥ እንደ መጋዝ ነው።

ለዚህ ችግር በአጭር ጊዜ ሊደረግ የሚችለው ሽቦውን አስወግዶ ለስላሳና ደልደል ያለ ብረት ማሠራት ነው። ይህም እስኪገኝ በብረቱ ላይ የጎማ ወይም የለሰለሰ ቆዳ መጠቅለልና ጥቅሉ በተበላ ቁጥር መለወጥ ይቻላል። ለጨዋ ፈረስ ደግሞ በአፍንጫው አጥንት ላይ በሚያርፍ ሰፊ የቆዳ ማሰሪያ፣ ያለ ብረት መንዳትም ይቻላል። ጭነቱ ከጋሪው ሚዛን ጋር ካልተስተካከለ ፈረሱን ወደ ፊት ስለሚገፋው ነጂው ዛቡን ከመጎተት አይቦዝንም። ስለዚህ ጭነትን ማስተካከልም አፍን ማዳን ነው። በቢሾፍቱ ከሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋር በመተባበር ስፓናና ዶንኪ ሳንክችዋሪ የተባሉት የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የጋማ ከብቶችን በማከምና ባለቤቶችን በማስተማር የሠሩት ሥራ ለሌሎች አካባቢዎችም አርአያ የሚሆን ነው።

ግልገል ፈረስ ሲገራ

ፈረስ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው የፊት ወተት ጥርሶቹን መለወጥ ይጀምራል። ሦስት ዓመት ተኩልና አራት ዓመት ተኩል ላይ ቀሪዎቹን ይለውጥና በአምስት ዓመቱ አፉ ይሞላል። በእነዚህ ጊዜያት ድዱ ያመዋል። ስለዚህ ልጓም በኃይል ማጉረስ ክፉ ትዝታ ይተክልበታል። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በገመድ መመራትን አስለምዶ፣ ለስላሳና ማንሻ የሌለው ልጓም በጥቂት ጨው ወይም ማር ቀብቶ ማጉረስ ይሻላል። ለጥቂት ቀናት ዛብ ሳይኖረው በአፉ ይዞት ይዋል። ሰው የሚቀመጥበት አጥንቱ ሲጠና፣ ወደ አራት ዓመቱ ገደማ ይሁን። ማንሻ ያለው ባሕላዊ ልጓም ካስፈለገም ፈረሱ በወገብና በድምፅ መታዘዝን ከተማረ በኋላ የሚመጣ ነው።

አፉ የቆሰለ ፈረስ ሲያጋጥም

ፈረስ አንገቱን ከወረወረ፣ አፉን ከከፈተ፣ ምላሱን በጎን ካወጣ፣ ጅራቱን በብስጭት ከወዘወዘ ወይም ሲበላ ያላመጠውን ሣር ከጣለ ከጅራፍ በፊት አፉን መመርመር ይገባል። ነገር ግን ምራቁን የሚያዝረከርክና መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩም የተለወጠ ፈረስ ሲያጋጥም እጅ ወደ አፉ ማስገባት አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም መጥራት ብቻ ነው የሚሻለው።

ቁስሉ የልጓም መሆኑ ከታወቀ ልጓሙን ማውጣትና ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድን አለመመለስ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልቶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ፣ ሲቀዘቅዝ ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ ማጠብ ይቻላል። የባትሪ ድንጋይ ዱቄት፣ የተቃጠለ ዘይትና የመሳሰሉትን መቀባት ግን ቁስሉን ያባብሳል። እስኪድን ድረስ የተነከረ እህልና ለስላሳ ሣር ይቅረብለት። ሥራ የግድ ከሆነ በአፍንጫ ማሰሪያ ይነዳ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ከሸተተ ወይም በሳምንት ካልቀነሰ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ መውሰድ ያስፈልጋል። ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ይበልጥ ለመንጋጋ ቆልፍ በሽታ የተጋለጠ በመሆኑ ቁስልን ችላ ማለት ፈረሱን እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል። የመንጋጋ ጥርሶቹ ጠርዝ ስለት አውጥቶ ጉንጩን የሚቆርጥበትም ጊዜ አለ። ይህን በሞረድ የሚያስተካክለው ባለሙያ ነው።

ለነገው ጋላቢ

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላል ያገራችን ሰው። እስከሚደርስ ድረስ ግን ፈረሱን የሚያደርሰው ጋላቢው ነው። ልጓም ለመግዛት ብር ያስፈልጋል፤ መኖ ለመጨመርም ብር ያስፈልጋል። እጅን ለማለስለስ ግን የሚያስፈልገው ጥቂት ትዕግሥትና ጥቂት ልምምድ ብቻ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችና በየቀበሌው ያሉ አዛውንት ፈረሰኞች ተባብረው በገበያ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ለወጣቶች ቢያሳዩ ውጤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በፈረሶቹ አፍ ላይ የሚታይ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ ባለፈረስ ነገ ጧት ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ልጓሙን በጣቱ ይዳስስ። ብረቱን በራሱ ቅልጥም ፊት ላይ አድርጎ በሁለት ጣቱ ሳብ ያድርገው። ከዚያ በኋላ ዛቡን በምን ያህል ኃይል መያዝ እንዳለበት ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም።